ግማሽ ከፍታ

በድልድዩ አደጋ ማንም አልሞተም ይላሉ። ጋዜጣው እንዲያ ብሎ ጻፈ፤ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰውዬም በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ቆሞ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሰው ሕይወት አልጠፋም» አለን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ባሌ አልሲድም አጠገቤ ነበር። እግሩ አብጦ ጫማ እንቢ ስላለው በነጠላ ጫማ ነው የመጣው። ያኔ ገና በሕይወት ነበር።

ደሴታችን ሼኒዬር ላሮዝ ከየብስ ጋር የምትገናኘው በዚያ በአንድ ድልድይ ብቻ ነው። አውራ ጎዳናው ቤ ኑዋር የምንለውን ባሕረ ሰላጤ በድልድዩ ላይ ተሻግሮ ሴንት ኦዲል ከተማ ይገባል። መሃል ላይ ሁለት የብረት ማማዎች ቆመዋል። መርከብ ሲመጣ መኪናው ሁሉ ከመንገድ መዝጊያው ኋላ ይቆማል፤ በማማዎቹ መካከል ያለው መንገድ ከነአስፋልቱ እንደ አሳንሰር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ መርከቡ በሥሩ ያልፋል፤ መንገዱ ተመልሶ ይወርዳል።

ያንን መንገድ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያነሳና ሲያወርድ የኖረው የባሌ ታናሽ ወንድም ኦቪድ ነው። አላገባም። ከእኛ ቤት ቀጥሎ ባለው በወላጆቻቸው ቤት ብቻውን ይኖራል። እዚያ ማማ ላይ ማንም ላያየው ነገር ሸሚዙን በየቀኑ ተኩሶ ይለብሳል። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አልሲድ ግን እስከ መጨረሻው «ቲ-ቪድ» እያለ ነው የጠራው፣ ትንሹ ኦቪድ ማለቱ ነው።

አልሲድ ኩላሊቱ ከሥራ ውጭ ከሆነ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሴንት ኦዲል ሄዶ አራት አራት ሰዓት እጥበት ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ የጠዋቱ ነው፤ ዘግይተህ ከደረስክ ከሰዓትህ ላይ ይቆረጥብሃል፤ የተቆረጠው ደግሞ በሰውነትህ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል።

የካቲት ላይ ነው፣ ማክሰኞ። ነግቷል፣ ግን ውሃው ላይ ጭጋጉ እንደ ወተት ነበር። እኔ ነኝ የምነዳው። መዝጊያው ጋ ስንደርስ ቀዩ መብራት በርቶ ጠበቀን፤ ከፊታችን ማንም አልነበረም። መንገዱ ሲነሳ ጭጋጉ ውስጥ ይታየኛል። ግማሽ ላይ ደርሶ ቆመ። ምንም አልመሰለኝም፤ ለአነስተኛ የሽሪምፕ ማጥመጃ ጀልባ ሁሌም ግማሽ ነው የሚነሳው።

የመጣው ግን የሽሪምፕ ጀልባ አልነበረም። ገፊ መርከብ ነው፤ ከፊቱ ክሬን የተጫነበት ባርጅ፣ ሞተር የሌለው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ፣ ይገፋል። የክሬኑ አንገት ቀና ብሎ ነበር። መንገዱን ሲገጨው ድምፁን ከጆሮዬ ይልቅ በጥርሴ ነው የሰማሁት። ፒክ አፓችን ቆሞ ሳለ ዘለለ። ቀና ብዬ ሳይ መንገዱ በአንድ ጎኑ ከማማው ሐዲድ ወጥቶ፣ እንደ ተሰበረ ክንድ ተጣምሞ እዚያው ሰማይ ላይ ቀርቷል።

አልሲድ ጉልበቴን ጨበጠኝ። «ቲ-ቪድ» አለ።

ኦቪድን የዚያኑ ቀን ከሥራ አገዱት። ደሙን መረመሩ፤ አልጠጣም። ስልኩን መረመሩ፤ አላወራም። «ከፍታውን ተሳስቼ ገመትኩ» ብቻ ነው ያላቸው። ከሳምንት በኋላ የሽሪምፕ ገዢው መኪና መምጣት ስለማይችል ሰው የያዘውን እየደፋ ነበር። አንድ ጠዋት ኦቪድ በሩን ሲከፍት የሽሪምፕ ጭንቅላት ደረጃው ላይ ተከምሮ አገኘ፤ ግማሹ ደሴት የጣለበት ይመስላል። አካፋ አምጥቶ ጠረገው። እኔ በመስኮቴ እያየሁ አልወጣሁም።

መውጣቱስ ይቅር፣ እኔ የባሰ አድርጌያለሁ። ሱቁ በር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቁልፍ መጫን ያልተማርክ ሰውዬ!» ብዬዋለሁ። ዳቦውን ይዞ ቆሞ ሰማኝ። «ልክ ነሽ፣ ኦዳሊ» ብሎኝ ሄደ። ንዴቴ በዚያ ጨመረ።

መንግሥት ሰው የሚያሻግር ጀልባ አቆመልን። የመጀመሪያው ጉዞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ የአልሲድ ወንበር አንድ ሰዓት ላይ ነው። ክሊኒኩ ሌላ ወንበር እስከ ሰኔ የለንም አለ። ሴንት ኦዲል ውስጥ ክፍል ልንከራይ ፈለግን፤ እንግዳ ማረፊያውን ሁሉ ድልድዩን የሚጠግኑት ሠራተኞች ይዘውታል። ልጃችን ሚሬል ከሂዩስተን ደውላ፣ «አባባን እዚህ አምጪው» አለች። አልሲድ ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ «እዚያ መጥቼ ምን ልሥራ ልጄ? በመስኮት መኪና ልቁጠር?» አላት።

እንዲህ ሆነን በጀልባ የሚያሻግረን ሰው ፍለጋ ወደብ ላይ ስንዞር ኦቪድ መጣ። የሞተው አባታቸው የሠራትን የእንጨት ጀልባ ቀለም ቀብቶ፣ ተጣጣፊ የፀሐይ መሞቂያ ወንበር መሃሏ ላይ በገመድ ጠፍሮ አስሯል።

«ጀልባ አለኝ» አለ። የተናገረው ለእኔ ነው።

«በአንተ ጀልባ ከሚሄድ ዋኝቶ ቢሄድ ይሻለዋል።»

«ዋና አልችልም» አለ አልሲድ፤ እኔን ደገፍ ብሎ ወደ ጀልባዋ እየወረደ። «ባሕር ላይ ተወልጄ ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ዋና አልችልም። ነይ ግቢ፣ ይቀዘቅዘኛል።»

ገባሁ። ኦቪድን ግን ስድስት ሳምንት አላናገርኩትም። የምናገረው ለጀልባዋ ነበር። «ይቺ ጀልባ ትንሽ ወደ ግራ ብትል ነፋሱ የአልሲድን ፊት ባልመታው» እላለሁ። ኦቪድ ወደ ግራ ያዞራል። «ይቺ ጀልባ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች።» በሚቀጥለው ጉዞ ታጥባ ትጠብቀኛለች። አልሲድ ይስቅ ነበር። «ጀልባዋን ማግባት ነበረብኝ» ይለኛል፤ «እንዲህ ስትታዘዝልሽ!»

ማዶ ስንደርስ የሴንት ኦዲል ቤተ ክርስቲያን ሴት፣ ሚስ ዩላ፣ በመኪናዋ ክሊኒክ ታደርሰናለች። ኦቪድ ጀልባዋ ውስጥ ይጠብቃል። ከተማ ውስጥ መታየት ስለማይፈልግ አምስት ሰዓት ሙሉ እዚያው ይቀመጣል፤ ዝናብም ቢሆን። ስንመለስ አልሲድ ከእጥበቱ ወጥቶ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ኦቪድ ኮቱን አውልቆ ያለብሰዋል። አልሲድ በቀን ከአራት ብርጭቆ በላይ ውሃ እንዳይጠጣ ተከልክሏልና ጥማቱ ያሰቃየዋል፤ ኦቪድ በቴርሞስ የተሰባበረ በረዶ ይዞ ይመጣና አንድ አንድ ቁራጭ አፉ ውስጥ ያደርግለታል። ይህን ሁሉ አያለሁ። አይቼም ልቤ አልራራም። ኮትህን ሳይሆን ድልድዩን መልስልን እል ነበር በሆዴ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የሰሜን ነፋስ ተነሳ። እኛ ጋ የሰሜን ነፋስ ሲከር ውሃውን ከባሕረ ሰላጤው ጠርጎ ያወጣዋል፤ ጭቃው ይገለጣል፣ ጀልባ አያልፍም። የሐሙሱ እጥበት ቀረብን። የቅዳሜውም ቀረብን። እሑድ አልሲድ መተኛት አቃተው፤ ጋደም ሲል በገዛ ውሃው ይሰምጣል። በወንበር ላይ ተቀምጦ አደረ፣ ሰኞም እንዲሁ። ፊቱ የሌላ ሰው ፊት መሰለ። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ድስት የሚፈላ ይመስል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ነፋሱ ዞረና ውሃው ተመለሰ፤ ጉልበቱ ግን አልበረደም። የኦቪድን በር ደበደብኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለራሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል፣ «ተነስ!» ነው።

ለብሶ ነበር። «ባሕሩን አይቼዋለሁ» አለኝ። «አይሆንም፣ ኦዳሊ። የጠረፍ ጥበቃውን ሄሊኮፕተር ጠርቻለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ሌላ ቦታ የሰመጠ ጀልባ አለ። ሁለት ሰዓት ጠብቁ፣ ምናልባት ሦስት።»

«ሁለት ሰዓት የለውም! መጥተህ ስማው! ድስት እየፈላ ነው ደረቱ ውስጥ!»

«መሃል ላይ ማዕበሉ ከጀልባዋ ይበልጣል። እንሰምጣለን።»

«የወንድምህን መንገድ የቆረጥከው አንተ ነህ» አልኩት። «አሁን ደግሞ ፈራሁ ትለኛለህ?»

እንዲህ ማለት እንዳልነበረብኝ እያልኩት አውቃለሁ። ቃል ምላስን ካለፈ በኋላ ነው ሰው ጥርሱን የሚነክሰው። ኦቪድ አየኝ፤ ኮቱን ከምስማሩ አወረደና ወጣ።

አልሲድን በሸራ ጠቅልለን ወንበሩ ላይ አሰርነው። እስከ ግማሽ መንገድ ኦቪድ እንደምንም ነዳ። እያንዳንዱን ማዕበል እንደ ክፉ ከብት በግንባሩ ይቀበለዋል እንጂ ጎኑን አይሰጠውም ነበር። ድልድዩ ሥር ስንደርስ ግን ማዕበሉ ከምሶሶው እየተላተመ ከሁለት ወገን መጣ። አንዱ ከኋላ ገባ። ሞተሩ አንዴ አስሎ ዝም አለ።

ምሶሶውን መርከብ እንዳይገጨው የከበበው የግንድ አጥር አለ። ኦቪድ ገመድ ይዞ ዘለለ፤ ግንዱ ላይ ያለው ዛጎል መዳፉን ሸረከተው፤ ጀልባዋን አሰራት። በሬዲዮ እየደጋገመ ተጣራ። «ሰምተናችኋል፣ እየመጣን ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ውሃ እየቀዳን ከመድፋት በቀር የምንሠራው አልነበረም። በላያችን ያ የተጣመመ መንገድ ነፋሱ ሲያልፍበት ያቃስታል።

አልሲድ ዓይኑን ገለጠ። ስንት ጊዜ ትንፋሽ እየወሰደ እንደተናገረው አልነግራችሁም፤ እኔ በአንድ ጊዜ ነው የምጽፈው።

«ኦዳሊ፣ ይሄን ሰውዬ ተይው።»

«ማንን?»

«ቲ-ቪድን። ያን ቀን አይቶን ነበር።»

ኦቪድ ባልዲውን አቆመ። «ዝም በል ወንድሜ። ትንፋሽህን ቆጥብ።»

«ለምን እቆጥባለሁ? ለማን?» አለ አልሲድ። «መኪናችንን መዝጊያው ጋ አይቶ ነው ግማሽ ላይ ያቆመው። ቶሎ ሊያወርድልን። ወንበሬ እንዳያልፈኝ። አራት ዓመት እንዲያ ነው ያደረገው። እስቲ አስቢው፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዘግይተናል?»

አሰብኩት። አልዘገየንም። አንድ ቀን እንኳ። መንገዱ የሚቀናን በእሷ ምልጃ እየመሰለኝ በየወሩ መጀመሪያ ለቅድስት ኦዲል ሻማ አበራ ነበር።

«እውነት ነው?» አልኩት ኦቪድን።

መዳፉ እየደማ ነበር፤ ወደ እሱ ነው የሚያየው። «ክሬን እንዳለው ካፒቴኑ ነግሮኛል» አለ። «ሰምቼዋለሁ። አንገቱን አስተኝቶታል ብዬ ገመትኩ። ሕጉ ለእንደዚያ ያለ መርከብ እስከ ላይ አንሳ ይላል። እስከ ላይ አነሳሁ ማለት ሃያ ደቂቃ ነው። እናንተን አየኋችሁ።» ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ውሃ መድፋቱን ቀጠለ።

ሃያ ደቂቃ! የበረዶውን ቴርሞስ ፈልጌ አገኘሁና አንዷን ቁራጭ አልሲድ አፍ ውስጥ አደረግሁ። አንዷን ለኦቪድ ሰጠሁት። በደማው እጁ ተቀብሎ ጎረሳት።

የጠረፍ ጥበቃዎቹ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደረሱ። አልሲድን ሆስፒታል አስገቡት፤ ማሽኑንም አያያዙለት። ልቡ ግን ከዚያ በላይ እንቢ አለ። ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ነርሷ መስኮቱን ልትከፍት ዞር ስትል፣ አረፈ።

ሬሳውን ወደ ደሴቱ ያሻገረው ኦቪድ ነው፣ በዚያችው ጀልባ። የሽሪምፕ ጀልባዎቹ ሁሉ ተሰልፈው ተከተሉት፤ ደረጃው ላይ የሽሪምፕ ጭንቅላት የደፉበትም ጭምር። ማንም አላናገረውም፤ ግን ቆባቸውን አውልቀው ነበር።

የድልድዩን አደጋ የሚያጣራው ጉባኤ ግንቦት ላይ ሴንት ኦዲል ውስጥ ተሰየመ። ማንም አልጠራኝም፤ በራሴ ፈቃድ የሐዘን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። አንድ ነገር አለብኝ ብዬ ነው። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፣ ግድ የለሽም አይደለም፣ ያደረገውን ያደረገው ለወንድሙ ብሎ ነው ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ካልተናገርኩ፣ ሱቁ በር ላይ የተናገርኩት አይሠረዝም። እንዲያ መስሎኝ ነበር።

እጄን አውጥቼ ቆምኩ። ሰብሳቢዋ ሴት መነጽሯን አወለቀች። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ፒክ አፑን፣ ወንበሩን፣ አራቱን ዓመት፣ ክሬኑን ሰምቶ እንደነበረ፣ አንዷንም ሳላስቀር። ስጨርስ አለቀስኩ። ቀና ስል ኦቪድ ዓይኑን ጨፍኗል። ከጎኑ የተቀመጠው የሠራተኛ ማኅበሩ ጠበቃ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ እጁን አጣጥፏል።

ሰብሳቢዋ፣ «ወይዘሮ ኦዳሊ» አለች ቀስ ብላ፣ «አቶ ኦቪድ እስካሁን ለእኛ የተናገሩት ከፍታውን ተሳስተው መገመታቸውን ነው። እርስዎ የሚሉት አውቀው ሕጉን መተላለፋቸውን ነው። ይህ እንዲመዘገብ ይፈልጋሉ?»

ያኔ ገባኝ። ግን ከአፌ ወጥቷል፤ ጸሐፊዋም ጽፋዋለች።

ተሳስቶ የገመተ ሰው በጊዜው ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ጠበቃው ይህንኑ ተስማምቶለት ኖሯል። አውቆ የተላለፈ ሰው ግን ይባረራል፤ ጡረታውም ይቀራል፤ ፋይሉም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ፍርድ ቤቱ የሁለት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ እንደ ዕድል ሆኖ በገደብ። ለዘመድ ሲል የሕዝብ መንገድ ሰበረ ተብሎ በጋዜጣው ላይ ስሙ ከነፎቶው ወጣ።

ድልድዩ ነሐሴ ላይ ተከፈተ። ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን ቆረጠ፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች ጥሩንባ ነፉ። እኔ አልሄድኩም። ኦቪድም አልሄደም። አጥሩን አልፌ ወደ ግቢው ገባሁ። የሸርጣን ወጥመድ እየጠገነ፣ ሸሚዙ እንደ ድሮው ተተኩሶ፣ ከበረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ሙሉ ቅርጫት ሸርጣን አለ።

«ልጠቅምህ ብዬ ነው» አልኩት። ከጉባኤው ቀን ጀምሮ ስለዚያ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው።

«አውቃለሁ።»

«ስለ ጡረታው ጠበቃው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ...»

«ስለ ጡረታው አይደለም፣ ኦዳሊ።» ሽቦውን በጉጠት ጠመዘዘ። «ማን ጠየቀሽ?»

የጠገነውን ወጥመድ አንስቼ ወደ ጎን አስቀመጥኩ።

«ሰው ሰነፍ ቢለኝ ግድ አልነበረኝም» አለ። «ሰነፍ በሉኝ። ያቺ ነገር የእኔና የእሱ ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ መንገዱን ሳወርድለት የመኪናችሁን መብራት አንዴ ብልጭ ያደርግልኝ ነበር፤ አንቺ እየነዳሽ፣ እሱ ከጎንሽ እጁን ዘርግቶ። አላስተዋልሽም።»

አላስተዋልኩም። አልሲድ የመብራቱን ማብሪያ ሲነካካ፣ «ተው አትነካካ፣ ባትሪ ይጨርሳል» ስለው እንደነበር ነው የማስታውሰው።

«አሁን ወረቀት ላይ ጻፏት» አለ ኦቪድ። «ቁጥር ሰጥተው፣ ጥፋት አሏት።»

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሃምሳ ዓመት ያላረፈ አፍ ያን ቀን ከዳኝ። ከደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቅርጫቱን ወደ እኔ ሳብኩና ሸርጣኖቹን ትልቁን ከትንሹ መለየት ጀመርኩ። ተይ አላለኝም፤ አመሰግናለሁም አላለኝም። ቅርጫቱ እስኪያልቅ ሠራን፤ ከዚያ ተነስቶ ገባ፤ እኔም ቤቴ ሄድኩ።

አሁንም ጎረቤቴ ነው። ወደ ከተማ ስሄድ «የምትፈልገው አለ?» እለዋለሁ በአጥሩ ላይ። አንዳንድ ቀን ይመልስልኛል፤ አንዳንድ ቀን አይመልስልኝም።